ኤም 60 መትረየስ በወታደሮቹ እጅ

ኤም 60 የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1957 የታጠቀው መትረየስ ነው። ባዶውን 10.5 ኪሎ ይመዝናል፤ በደቂቃ 550 ያህል ጥይት ይተፋል። የጥይት አጎራረሱን ከጀርመኑ ኤምጂ 42 መትረየስ፣ የውስጥ አሠራሩን ከጀርመኑ ኤፍጂ 42 ጠመንጃ ወርሷል። ዘሩ ጥሩ ነው ማለት ነው። ጉዱ የታየው ቬትናም ጭቃ ውስጥ ነው።

ተኳሾቹ «አሳማው» ይሉት ነበር። ስድብም ቁልምጫም ነው። ሲሠራ ጓዶቻቸውን ያተረፈላቸው መሣሪያ ስለሆነ የሚወዱት ብዙ ናቸው። ሲነክስ ግን አይጣል ነው።

ትልቁ ራስ ምታት የአፈሙዝ ቅየራ ነው። መትረየስ ሲተኮስ ይግላል። ኤም 60 በደቂቃ 200 ጥይት ከተተኮሰበት አፈሙዙ በየሁለት ደቂቃው መቀየር አለበት። ሁለቱ እግሮቹ የተሠሩት ግን አፈሙዙ ላይ ነው። አፈሙዙ ሲወጣ እግሩም አብሮ ይሄዳል፤ ተኳሹ መሣሪያውን ጭቃ እንዳይነካ በእጁ አንጠልጥሎ ይጠብቃል። አፈሙዙ መያዣ እጀታም የለውም። ረዳቱ የጋለውን ብረት የሚነቅለው በአስቤስቶስ ጓንት ነው። ጓንቱ ጫካ ውስጥ ከጠፋስ? ይህን የነደፈው ሰው አንድ ቀን እንኳ ራሱ ቀይሮት ቢሆን ኖሮ እላለሁ።

ጽዳቱም የራሱ ወጥመድ አለው። የጋዙ ፒስተን፣ ማለትም በባሩዱ ጋዝ እየተገፋ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ብረት፣ ተገልብጦ ሊገባ ይችላል። በድካም ላይ ሆኖ በጨለማ የወለወለ ወታደር ስህተቱን የሚያውቀው ሲተኩስ ነው፤ አንድ ጥይት፣ ከዚያ ዝም። የጋዙ ቱቦ መዝጊያም በንዝረት ስለሚላላ በሽቦ ያስሩት ነበር። ጥይቱ ተስተካክሎ እንዲገባ ደግሞ ባዶ የራሽን ቆርቆሮ ከጎኑ ይሰካሉ። በፎቶ የምናየው ትከሻ ላይ የተጠመጠመ የጥይት ሸንሸልም ለዓይን ያምራል እንጂ ጭቃና ላብ ይዞ መሣሪያው ውስጥ ይገባል።

ያረጀ ኤም 60 ሌላ አመል ያመጣል። ቃታውን ለቀውትም መተኮሱን አያቆምም። መፍትሔው ረዳቱ ሸንሸሉን ጠምዝዞ መበጠስ ነው። ብዙው ቅሬታ የመጣው ለዓመታት ከተተኮሰባቸው መሣሪያዎች መሆኑ ግን መነገር አለበት። አዲሱ በደንብ ከተያዘ ያን ያህል አያስቸግርም ነበር።

በ1990ዎቹ የአሜሪካ እግረኛ ወደ ኤም 240 ዞረ። ይህ የቤልጂጉ ኤፍኤን ማግ መትረየስ ነው፤ ታንክ ላይ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ተፈትኗል። የእግረኛው ኤም 240ቢ 12.5 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ከአሳማው በሁለት ኪሎ ይከብዳል። እኛ አገር ብዙ ሰው ብሬን የሚለው ፒኬኤም 7.5 ኪሎ መሆኑን ላሰበ፣ ሸክሙ ቀላል አይደለም። ወታደሩ በክብደቱ ማጉረምረሙ አልቀረም። ተሸክሞት ሄደ እንጂ ኤም 60ው ይመለስልኝ ያለ ግን ብዙ አልነበረም። እግሩ ከመሣሪያው ጋር ይቀራል፤ አፈሙዙም እጀታ አለው።