«ስንቴ ነግሬዋለሁ፤ አይሰማም!»፦ ስለ ልጆች ንዴት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ወላጆች ገና ወንበር ሳይዙ የሚነግሩኝ አንድ ነገር ነው፦ «ስንቴ ነግሬዋለሁ፤ አይሰማም!» እኔም «መቼ ነው የሚነግሩት?» እላለሁ። መልሱ አይለወጥም። ሲጮህ፣ ዕቃ ሲወረውር፣ እህቱን ሲመታ።

«በሚረብሽበት ሰዓት ካልተመከረ አይማርም» የሚለው ነገር እጅ እጅ ብሎኛል። ልጆችን ማማከር ሥራዬ ነውና ሳልሰማው የምውልበት ቀን የለም። ልጅ ደሙ ሲፈላ ልቡ ይመታል፣ ጡንቻው ይወጠራል። ሰውነቱ ለመደባደብ ወይም ለመሸሽ ተዘጋጅቷል። ቆም ብሎ ለማሰብና ራስን ለመግታት የሚያገለግለው፣ ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል በዚያ ሰዓት አቅም ያንሰዋል። ይህ ክፍል በደህናው ቀንም ቢሆን ገና አልበሰለም፤ እድገቱ እስከ 20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ ይቀጥላል። እናንተ ምክር ስታወርዱበት እሱ የሚሰማው ጩኸታችሁን ነው።

«ታዲያ ዝም ብለን እንየው?» ይሉኛል። የለም። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። ቃል ቀንሱ። የሚሰበረውን አንሱ፣ እህቱን ከአጠገቡ አርቁ፣ እናንተ ግን እዚያው ቆዩ። ትምህርቱ ሲረጋጋ ይደርሳል፤ ያውም በልምምድ እንጂ በስብከት አይደለም።

አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ጨዋታ በተሸነፈ ቁጥር ሰሌዳውን ይገለብጣል። እናቱ ጠጠሮቹን ከወለሉ ላይ እየለቀመች «መሸነፍ ያለ ነው» ትለዋለች። ልጁ ይህን ምክር በቃሉ ያውቀዋል፤ እኔንም አስተምሮኛል! መሸነፍን ግን ተለማምዶት አያውቅም። ስለዚህ ደስ ብሎት በሚውልበት ሰዓት አጫጭር ጨዋታዎች እየተጫወትን ሆን ብለን እንዲሸነፍ አደረግን። መሸነፉን ሲያውቅ ሁለት መዳፉን ጭኑ ላይ ያሳርፋል፣ አየሩን ቀስ ብሎ ያስወጣል፣ «ተናድጃለሁ» ይላል። እናቱ ደግሞ ወዲያው «ተናደህም ሰሌዳውን አልነካህም» ትለዋለች። «ጎበዝ» ብቻ ማለት አይበቃም፤ ምን እንዳደረገ ይወቅ። መጀመሪያ ላይ ሰሌዳውን ትቶ አንድ ጠጠር ብቻ ወረወረ። እናቱ ተስፋ ቆረጠች፤ እኔ ደስ አለኝ። ለውጥ እንዲህ ነው የሚመጣው።

«ዛሬን ብቻ ይሁንለት» የሚለውም ብዙ ያበላሻል። ሃያ ደቂቃ አልቅሶ የከለከላችሁትን ካገኘ፣ ሃያ ደቂቃ ማልቀስ እንደሚያዋጣ ተማረ። መስጠት ስታቆሙ ደግሞ መጀመሪያ ሊብስበት ይችላል። ብዙ ወላጅ እዚህ ጋ «አልሠራም» ብሎ ይተወዋል። እባካችሁ ይህችን ጊዜ ቻሏት፤ እየሠራ ስለሆነ ነው የባሰበት።

«ትራስ ደብድቦ ይውጣለት»፦ አይወጣለትም። ብራድ ቡሽማን የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት የመቱ ተማሪዎች ዝም ብለው ከተቀመጡት ይልቅ ተናደው ተገኝተዋል። እነዚህ እንኳ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው።

«ስኳር ነው የሚያሳብደው»፦ ስኳር የበላውና ያልበላው ልጅ ማን እንደሆነ ወላጆች ሳያውቁ በተደረጉ ጥናቶች የባህሪ ልዩነት አልታየም።

«ዱላ ያስተካክለዋል»፦ ለጊዜው ጸጥ ያደርገዋል። የሚማረው ግን የተናደደ ትልቅ ሰው ትንሹን እንደሚመታ ነው። ስዊድን ልጅ መምታትን በሕግ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ እኛ ግን ዛሬም እንከራከራለን።

«ሲያድግ ልብ ይገዛል»፦ የሁለትና የሦስት ዓመት ልጅ መሬት ላይ ቢንከባለል የዕድሜው ነው። ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ግን ለወራት በቤትም በክፍልም ሰው የሚጎዳ ከሆነ ባለሙያ ይየው። አንዳንዴ ከረብሻው ጀርባ ሌላ ነገር አለ፦ የእንቅልፍ እጦት፣ የንግግር መዘግየት፣ የንባብ ችግር፣ ቤት ውስጥ ያለ ፍርሃት። «አይሰማም» የተባለው ልጅ በእርግጥም በደንብ የማይሰማ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ጆሮውን አስመርምሩት፤ ያውም እናንተ ከመቆጣታችሁ በፊት።