የጀልባዋ 18 ወርና የእናንተ 90 ቀን ለየብቻ ነው
ጡረታ ወጥታችሁ በሸራ ጀልባ ሜዲትራኒያንን ልትዞሩ ያሰባችሁ የአሜሪካ ፓስፖርት ያላችሁ ሰዎች ይቺን ጥያቄ ደጋግማችሁ ስላነሳችሁ ነው፣ "ጀልባዋ 18 ወር ከተፈቀደላት እኔስ አብሬያት ብቆይ?" አይሆንም።

18 ወሩ የጉምሩክ ነገር ነው፣ ከአውሮፓ ህብረት ውጪ የተመዘገበች ጀልባ፣ ባለቤቷም ኑሮው ከህብረቱ ውጪ ከሆነ፣ ቫት ሳይከፈልባት 18 ወር ትቆያለች፣ ወጥታ ስትመለስ ደግሞ እንደ አዲስ ይጀምርላታል። የሰው ግን ሌላ ነው፣ ሸንገን (እርስ በርስ የድንበር ፍተሻ ያነሱ የአውሮፓ አገሮች) ውስጥ በየትኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ብቻ፣ የገባችሁበትም የወጣችሁበትም ቀን ይቆጠራል።

በሉ ሜይ 1 ግሪክ ገባችሁ፣ ሳትወጡ ከቆያችሁ ጁላይ 29 90ኛው ቀን ነው። ከግሪኳ ደሴት ከኮስ የቱርኳ ከተማ ቦድሩም አፍንጫ ስር ናት፣ ግን ቱርክ ሻይ ጠጥቶ በማግስቱ መመለስ ቆጠራውን ዜሮ አያደርገውም (ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው)፣ እስከ ኦክቶበር 27 ውጪ ትቆዩና 28 ትገባላችሁ። ጀልባዋ ግን ግሪክ ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ ወደብ) ታስራ ልትጠብቃችሁ ትችላለች።

የሚለያየው የወረቀት አጠያየቁ ነው፣ አንዱ ወደብ ዝም ይላል ሌላው ሁሉንም ያገላብጣል፣ ስለዚህ ጀልባዋ ከህብረቱ ወጥታ እንደነበር እንዲያሳይላችሁ የቱርክ ማሪና ደረሰኛችሁን አትጣሉ። የረጅም ጊዜ ቪዛም እንደየአገሩ ነው።