በጅማ ወንጌልን በግልጽ መመስከር፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ጅማ ከአዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በደቡብ ምዕራብ ትገኛለች። አብዛኛው የዞኑ ሕዝብ ሙስሊም ነው። ኦርቶዶክሱ፣ ፕሮቴስታንቱና ካቶሊኩም በየሰፈሩ አለ። እዚህ ስለ ክርስቶስ በአደባባይ መናገር ሲባል ብዙ ሰው መድረክና ሞንታርቦ ይታየዋል። የአካባቢው ታሪክ ግን ሌላ ነው። እምነቱ በአብዛኛው የተዳረሰው በነጋዴ፣ በጎረቤትና በቡና ወሬ ነው።

ክርስትና ለአካባቢው አዲስ አይደለም። የእናርያ ንጉሥ እ.ኤ.አ. በ1588 በአፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን ተጠምቋል፤ ያ አገር ዛሬ የጅማ ዞን አካል በሆነው በሊሙ በኩል ነበር።

በደንብ ተጽፎ የምናገኘው የ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ ላይ ተቀምጦ ወደ ኦሮሞ አገር የሚወስድ መንገድ ይፈልግ ነበር። የሚሲዮኑ ኦሮሞ ወንጌላዊ ኦነሲሞስ ነሲብ በሱዳን በኩል ሞከረ፣ አልሆነም። በሸዋ በኩል ደግሞ ሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1886 እንጦጦ ደረሰ፣ ከዚያ ማለፍ ግን ተከለከለ። የሚገርመው ንጉሤ ታሹ የተባለው የአገሬው ሰው በዚያው እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ በነጋዴነት ጅማ ገብቶ ጅሬን ላይ መኖር መጀመሩ ነው። ዘመኑ የዳግማዊ አባ ጅፋር ነው። የሙስሊም ንጉሥ መቀመጫ ላይ፣ ወታደርም ቆንስላም ሳይኖረው፣ እየነገደ ያምንበትን ያስተምር ነበር። እኔ ለዚህ ሰው ትልቅ ቦታ እሰጠዋለሁ፤ ስሙ መነሳት ካለበት ባነሰ ነው የሚነሳው። ኦነሲሞስም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ከትርጉም ረዳቱ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሠርቶ ሙሉውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1899 አሳተመ።

በ1920 ዓ.ም. ሐኪሙ ሚሲዮናዊ ዶክተር ቶማስ ላምቢና የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን (የፕሮቴስታንት ሚሲዮን ነው) ጓደኞቹ ከአዲስ አበባ ሲነሱ መድረሻቸው ጅማ ነበር። መንገዱ ወደ ሆሳዕና፣ ወላይታና ሲዳማ ወሰዳቸውና እዚያው ቀሩ። ካቶሊኮች ቀደም ብለው እ.ኤ.አ. በ1913 የከፋን ተልእኮ አቋቁመዋል፤ ኃላፊው አባ ባርላሲና የገቡትም ነጋዴ መስለው ነው ይባላል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ተባረሩ።

ከነፃነት በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም.፣ የሚሲዮኖች ደንብ ወጣ። አገሪቱን ለሁለት ከፈላት፦ የኦርቶዶክስ አማኝ በሚበዛበት ሚሲዮን ሕክምናና ትምህርት እንጂ ስብከት አይፈቀድለትም፣ በሌላው ግን መስበክ ይችላል። ደንቡ የታሰበው ለውጭ ሰዎች ነው። የአገሬው አማኝ ግን ጎረቤቱን ለማናገር የማንንም ደንብ አልጠበቀም።

ደርግ ሲመጣ ነገሩ ከረረ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው ተገደሉ፣ በደቡብና በምዕራብ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ፣ ምእመኑም ቤት ለቤት መሰብሰብ ጀመረ። ሰው ግን የሚፈራው እስር ብቻ አልነበረም። ጴንጤ ሆነ ከተባለ እድሩ ቢያስወጣውስ? ሲሞት የት ይቀበራል? የመቃብር ቦታ ጥያቄ በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች ለዓመታት የወንጌላውያን ራስ ምታት ነበር። ቤተሰብ ዘንድ መገለልም ቀላል አይደለም። ከእስልምና ለሚመጣ ሰው ደግሞ ይህ ሁሉ እጥፍ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ማንም ሰው እምነቱን በግልም ሆነ ከሌሎች ጋር ሆኖ እንዲገልጽና እንዲያስተምር ፈቀደ፣ ማስገደድን ከለከለ። ወረቀቱ ይህን ይላል። በ2003 ዓ.ም. የካቲት ግን ከጅማ በስተምሥራቅ አሰንዳቦና አካባቢዋ ላይ ቁርዓን ተዋረደ በሚል ክስ የተነሳ ግጭት ከ50 በላይ የአምልኮ ቤቶችን አቃጠለ፣ ሺዎችን ከቀያቸው አፈናቀለ። ጥፋቱን መንግሥት በአክራሪ ቡድን ላይ አላክኳል። ያ ትንታኔ ሁሉን ያብራራል ብሎ መደምደም ከባድ ነው። በዚያው ግጭት ክርስቲያን ጎረቤታቸውን የሸሸጉ ሙስሊሞች እንደነበሩም ይነገራል፣ እኔም አምናለሁ።

ዛሬ ምስክርነት በጅማ ብዙ መልክ አለው። ኦርቶዶክሱ በጥምቀት ታቦት አጅቦ በዋናው መንገድ ይወጣል፤ ከዚህ በላይ ግልጽ ምስክርነት ካለ ንገሩኝ። ባጃጅ ላይ ጥቅስ ይለጠፋል፣ ከፊቱ ያለችው ባጃጅ ላይ «ማሻአላህ» ተጽፎ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አምልኮ ስለማይደረግ የኢቫሱ (የወንጌላውያን ተማሪዎች ኅብረት) ተማሪዎችና የኦርቶዶክስ ግቢ ጉባኤ ልጆች ከአጥሩ ውጭ ይሰበሰባሉ። የከተማው ወንጌላውያን ለጀማሪ የሚሰጡት ምክር አጭር ነው፦ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቤተሰብ ጠይቅ፣ በኦሮምኛ መናገር ከቻልክ በኦሮምኛ ተናገር፣ የሰውን ነቢይ አትንካ፣ በረመዳን ቀን ምሳ ግብዣ ብለህ አትጥራ። ትራክት (አጭር የወንጌል ጽሑፍ) መስጠትም ሰውየው እጁን ሲዘረጋ ነው። «አልፈልግም» ካለ ቡናህን ጠጥተህ፣ መርቀህ ትሄዳለህ፣ በሳምንቱም ልጁ ታመመ ከተባለ ሄደህ ትጠይቃለህ።