«ማተቡን በጠሰ»፦ የአንገት ክር እንዴት የቃል ማሰሪያ ሆነ

በባሕር ዳርና በጣና ዳር መንደሮች ስለ ሰው ከሚነገረው ክፉ ቃል ሁሉ የሚከብደው «ማተቡን የበጠሰ ነው» የሚለው ነው። ሌባ መባል ያሳፍራል፣ ውሸታም መባል ያናድዳል። ማተቡን የበጠሰ የተባለ ሰው ግን ከዚያ በኋላ ዋስ ልሁን ቢል ማን ይቀበለዋል? ዕቁብ ውስጥ የሚያስገባው የለም፤ ምስክርነቱንም ሽማግሌ አይሰማውም። ሌላው ስሙ «ማተበ ቢስ» ነው። የዚህ ተቃራኒ «ባለማተብ» ሲሆን ለሰው ከሚሰጥ ምስጋና ትልቁ ይኸው ነው። ብር የተቸገረ ጎረቤት «ጋሼ፣ ማተብ አለኝ፤ ለመስቀል እመልሳለሁ» ካለ ወረቀት ሳይጻፍ ውሉ ታሰረ ማለት ነው። በጠብ ጊዜም «ማተብ ይዞኝ ነው እንጂ!» ይባላል፤ እጄን ያልሰነዘርሁት አቅም አጥቼ ሳይሆን አንገቴ ላይ ያለው ክር ከልክሎኝ ነው ማለት ነው።

የአነጋገሩ ቁልፍ ያለው በግሡ ላይ ነው። «ማተቡ ተበጠሰ» እና «ማተቡን በጠሰ» የተለያዩ ናቸው። ክር ያረጃል፣ በላብ ይበሰብሳል፣ ሕፃን ይጎትተዋል፣ ጣና ውስጥ ሲዋኙ ተበጥሶ ይጠፋል። ይህ ነውርም ኃጢአትም የለበትም፤ ሌላ ይታሰራል፣ አለቀ። «በጠሰ» ሲባል ግን አድራጊው ሰውየው ራሱ ነው፤ አስቦና አውቆ ቃሉን አፍርሷል። ክሩ አንገቱ ላይ እንዳለም ማተቡን በጠሰ ሊባል ይችላል፤ በሐሰት የማለ፣ አደራ የበላ፣ ሚዛን የቀሸበ ሁሉ በዚሁ ቃል ይጠራል። ዛሬ «ማተብ ማሰር ዋጋ አለው ወይስ የለውም» እያሉ ለሚከራከሩ ወጣቶች ከሁሉ አስቀድሞ መነገር ያለበት ይህ ልዩነት ይመስለናል።

ቃሉ ከግእዝ የመጣ ነው። «ዐተበ» በመስቀል ምልክት ባረከ፣ ምልክት አደረገ ማለት ሲሆን «ማዕተብ» ምልክት፣ ማኅተም ይሆናል። በጸሎት መጀመሪያ የምናደርገው ማማተብም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ስለዚህ በቃሉ ፍቺ ማተብ ጌጥ አይደለም፤ አንድ ሰው የማን እንደሆነ የሚናገር ማኅተም ነው። ሊቃውንቱ የሥርዓቱን አጀማመር ሲተርኩ ያዕቆብ ዘእልበረዲን ያነሣሉ። እ.ኤ.አ. በ451 ከተደረገው የኬልቄዶን ጉባኤ በኋላ፣ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የወሰነውን ያልተቀበሉ ክርስቲያኖች በቢዛንታይን ነገሥታት ሲሳደዱ፣ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይህ የኤዴሳ ጳጳስ እንዳይታወቅ ቡትቶ ለብሶ አገር ላገር እየዞረ ያስተምር፣ ካህናትንም ይሾም ነበር። በትረካው መሠረት በትምህርቱ ለጸኑት መለያ እንዲሆናቸው ክር ፈትሎ በአንገታቸው ያስርላቸው ነበር። መታወቅ ሞት በሚያስከትልበት ዘመን የታሰረ ምልክት ነውና ክሩ ከቃል ጋር አብሮ መኖሩ አያስደንቅም። መምህራን የሚጠቅሱት የምሳሌ 3፥3 ቃልም «ምሕረትና እውነት ከአንተ አይራቁ፤ በአንገትህ እሰራቸው» ይላል። በአንገት እሰር የተባለው ምሕረትና እውነት መሆኑን ልብ ይሏል።

ማተብ የሚታሰረው በጥምቀት ቀን ነው፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን። የክርስትና አባት ወይም የክርስትና እናት በሕፃኑ ፈንታ ሰይጣንን ይክዳሉ፣ በክርስቶስ ያምናሉ፤ ካህኑም ያጠምቃል፣ ክሩንም ያስራል። በጥንቱ ልማድ ክሩ ከጥጥ በእንዝርት ተፈትሎ በቤት ይዘጋጃል። ሦስት ክር መሆኑ ለሦስትነት፣ በአንድ መገመዱ ለአንድነት ተብሎ ይተረጎማል። አሠራሩ ቀላል ቢመስልም ሲሳሳቱት ይታወቃል። ለአዋቂ ሰው ያለቀው ማተብ ሦስት ስንዝር ያህል ቢሆን በራስ በኩል ያልፋል፤ ክር ሲገመድ ስለሚያጥርና ቋጠሮም ስለሚበላው ከአራት ስንዝር በላይ ተለክቶ ይጀመራል። ሦስቱን ክሮች አንድ በአንድ ወደ አንድ አቅጣጫ ማክረር፣ ቀጥሎ ሦስቱን በአንድነት ወደ ተቃራኒው ማዞር ነው። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ከተገመደ እጅ እንደለቀቀው ይፈታል። ክር የሚጸናው አንዱ መክረር ሌላውን ሲይዘው ነው።

የሕፃን ማተብ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በገበያ የሚሸጠው የናይለን ክር አይበሰብስም፣ ቶሎም አይበጠስም፤ ችግሩም እሱ ነው። ሕፃኑ ተኝቶ ሳለ አልጋ ወይም ማዘያ ላይ ቢጠለፍ ቀጭን የጥጥ ክር ሊበጠስ ይችላል፤ ናይለን ግን ያንቃል። ስለዚህ ክሩ ቀጭን ጥጥ ይሁን፣ ረጅምና ተንጠልጣይ አይሁን፣ ከባድ መስቀል አይንጠልጠልበት፤ ሕፃኑ ብቻውን ሲተኛም ይውለቅ። ይህን ያደረገች እናት ማተብ አልበጠሰችም።

አዋቂዎች ዘንድም ተመሳሳይ ጭንቀት አለ። ባሕር ዳር በ1950ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተተከለባት ጀምሮ የማሽን ከተማ ሆናለች፤ በሚሽከረከር ማሽን አጠገብ የተንጠለጠለ ክር አንገት ይዞ ይጎትታል። ከልብስ ሥር አስገብቶ ኮሌታን መቆለፍ፣ የደኅንነት ደንቡ አውልቅ ካለም አውልቆ ኪስ ማስገባት ይገባል። ቀዶ ሕክምና ክፍል ለንጽሕና ሲባል ይወልቃል፤ ኤምአርአይ በሚባለው የማግኔት ምርመራ ላይ ደግሞ የብረት መስቀል በፍጹም አይገባም። ይህን ሁሉ ከ«መብጠስ» ጋር የሚያያይዙ አሉ፤ ተሳስተዋል። ክሩን ማውለቅ መካድ የሚሆነው እምነቱን ለመደበቅና ለመካድ ሲወልቅ ነው። በሌላ በኩል ወፍራም የብር ሰንሰለት ከትልቅ መስቀል ጋር ደረቱ ላይ ያሳየ ሁሉ ባለማተብ አይባልም። ጌጡ ክፉ ሆኖ ሳይሆን አነጋገሩ የሚመዝነው ሌላ ነገር ስለሆነ ነው።

ማተብን በሰፊው ለማየት ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ መሻገር ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያምና ሌሎቹ ገዳማት ያሉበት ይህ ልሳነ ምድር በበሬ አይታረስም። በአካባቢው ትውፊት የዘጌ ገዳም መሥራች የሚባሉት አባ በትረ ማርያም ከፈጣሪ ጋር በገቡት ቃል ኪዳን ሕዝቡ ሳያርስ በቡናና በጌሾ እንዲኖር ተወስኗል። የጣና ዳርቻ ብዙው ተመንጥሮ ሳለ የዘጌ ደን ቆሞ የምናየው ይህ ቃል ትውልድ አቋርጦ ስለተጠበቀ ነው። ዛሬ ቤተሰብ ሲበዛና ኑሮ ሲወደድ ዛፍ ቆርጦ ማገዶ መሸጥ ይመጣል፤ ፈተናውም ከባድ ነው። እዚያ «ማተቡን በጠሰ» የሚባለው መጥረቢያ የያዘ ሰው ሊሆን ይችላል፤ አንገቱን ማንም አያይም።

በከተማው ውስጥ ግን ማተብ በየቀኑ የሚፈተነው በጾም ነው፤ በተለይ ከቤት ውጭ ለሚበላ ሰው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ገና ይዘልቃል፣ ፍልሰታ ነሐሴ ይገባል፣ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ከትንሣኤ በኋላ ካሉት 50 ቀናት፣ እንዲሁም ገናና ጥምቀት ከዋሉባቸው በቀር ዓመቱን ሙሉ ነው። የምሳ ሰዓቱ በመሥሪያ ቤት የተወሰነ ሠራተኛ ወይም መድኃኒት በሰዓቱ የሚወስድ ሰው የሚጾምበትን ሰዓት ከንስሐ አባቱ ጋር ተነጋግሮ ይወስን፤ በግልጽ ተነጋግሮ እስከ 6 ሰዓት የጾመ፣ 9 ሰዓት ነው እያለ ደብቆ ከሚበላው ይሻላል።

ከባዱ ፈተና ያለው ማእድ ቤት ውስጥ ነው። ጾም የሚፈርሰው ሥጋ በማዘዝ ብቻ አይደለም፤ አብዛኛው ስሕተት ከእቃ ይመጣል። በቅቤ ወጥ የገባ ጭልፋ ታጥቦም ቢሆን በቀዝቃዛ ውኃ ከሆነ ቅባቱ አይለቅም፤ ሙቅ ውኃና ሳሙና ይፈልጋል። ሥጋ የተጠበሰበት ዘይት ተጠልሎ ለድንች ጥብስ ይውላል። ዳቦ ላዩ እንዲያበራ እንቁላል ይቀባል፤ «የጾም ኬክ» ውስጥ የሚገባው ማርጋሪን አንዳንዱ የወተት ተዋጽኦ አለበት፤ ማሸጊያውን ማንበብ ያስፈልጋል። መፍትሔው ውድ አይደለም፦ ለጾም የተለየ መጥበሻ፣ እጀታቸው በቀለም የተለየ ሁለት ጭልፋ፣ ለብቻው የሚቀመጥ የዘይት ጀሪካን፤ ወጥ ሲሠራም የጾሙ ቀድሞ፣ የፍስኩ ተከትሎ። ይህን የምታደርግ ምግብ አብሳይ ባለማተብ ናት፤ የሚያያት ተመጋቢ የለምና።

ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ደግሞ በጣና ዳር ያረጀ ነው። አባቶች አይበላም ብለው ያስተምራሉ፤ ብዙ ምግብ ቤት ግን ከጾም ምግብ ጋር ይጽፈዋል፤ ዓሣው የተጠበሰበት ዘይትም ለሌላው ሁሉ ይውላል። ዓርብ ቀን አንዲት እናት ገብተው የድንች ጥብስ ቢያዙ፣ ባለማተብ የሆነ አስተናጋጅ ትእዛዙን ወደ ማእድ ቤት ከመውሰዱ በፊት ጎንበስ ብሎ «እትዬ፣ ዘይቱ ዓሣ የተጠበሰበት ነው፤ ሽሮ ይሻልዎታል፣ ወይስ ትንሽ ታግሠው በአዲስ ዘይት እናድርግልዎ?» ይላቸዋል።