የፒር የመልቀሚያ ጥንካሬ ምንድን ነው?

ፒር የሚባለው ፍራፍሬ ዛፉ ላይ እስኪበስል አይጠበቅም። የሚጠበቅ ከሆነ የሚለሰልሰው ከውስጥ ጀምሮ ነው። ልጣጩ ገና ደህና ሲመስል መሃሉ ቡናማ ሆኖ ይላሽቃል፣ ሥጋውም ጥርስ ላይ አሸዋ አሸዋ ይላል። ስለዚህ የሚለቀመው አድጎ የጨረሰ፣ ግን ያልበሰለ ፍሬ ነው። ምን ያህል ያልበሰለ? የመልቀሚያ ጥንካሬ የሚለካው ይህን ለማወቅ ነው።

የአሜሪካ ፒር በብዛት በሚመረትባቸው በዋሽንግተንና በኦሪገን ከተለያዩ ዛፎች ጥቂት ናሙና ይወሰዳል። የፍሬው ሁለት ጎን ላይ ልጣጩ በስሱ ይነሳና 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የብረት ጫፍ ሥጋው ውስጥ ይጫናል። ብረቱን ለማስገባት ያስፈለገው ኃይል በፓውንድ ይነበባል። ባርትሌት የሚባለው ዝርያ ከ20 እስከ 17፣ አንዡ ደግሞ ከ15 እስከ 13 ፓውንድ አካባቢ ሲደርስ ይለቀማል። ቸኩለው የለቀሙት መጋዘን ውስጥ ይጨማደዳል፣ ልጣጩ ይጠቁራል፣ ጣዕምም አይኖረውም። የዘገየው ደግሞ ብዙ ሳይቆይ ከመሃሉ ይበላሻል።

ግን በቁጥሩ ብቻ መተማመን አያዋጣም። ማሳው ላይ የተበላሸውን መጋዘን አያስተካክለውም። ናይትሮጅን የበዛበት ዛፍ ቅርንጫፍና ቅጠል ያበዛል፤ ካልሲየሙን ቅጠሉ ይሻማውና ለፍሬው ትንሽ ይደርሰዋል። አንዡ ላይ ውጤቱ በግልጽ ይታያል፤ ሥጋው ውስጥ ደረቅ፣ ቡሽ የመሰለ ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣል። ለዚህ ነው ፍሬው እያደገ ሳለ ካልሲየም ክሎራይድ ደጋግመው የሚረጩት። ርጭቱ ራሱ ፍሬው ላይ ማረፍ አለበት። ቅጠል ላይ የቀረ ካልሲየም ወደ ፍሬው አይሻገርም፤ ስለዚህ እንዲያው ለይስሙላ መርጨት ገንዘብ መድፋት ነው።

ፍሬው ከተለቀመ በኋላ መጋዘን ውስጥ ቅዝቃዜው ይከተላል፤ ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ። ስኳር ስላለው በዚህ ሙቀት በረዶ አይሆንም። አንዡ በደንብ እንዲበስል ሁለት ወር ያህል ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ባርትሌት ግን በጥቂት ሳምንት ይበቃዋል።

ሲያትል ወይም ፖርትላንድ ያላችሁ፣ ከሱቅ የገዛችሁት ፒር ድንጋይ ቢሆንባችሁ አትጣሉት። ጠረጴዛ ላይ ተዉትና በየቀኑ አንገቱን፣ ከእንጨቱ አጠገብ፣ በአውራ ጣት ጫን እያላችሁ እዩት። እዚያ ጋ እሺ ሲል ብሉት። ሆዱ እስኪለሰልስ ከጠበቃችሁ አልፎበታል።