ስለ ካርቡሬተር የሚባለውና እውነታው፦ ድንጋይና ዳገት ለሚወጣ መኪና

ካርቡሬተር፣ ማለትም ነዳጅን ከአየር ቀላቅሎ ለሞተር የሚሰጥ ዕቃ፣ ያለው የገጠር መንገድ መኪና የያዘ ሰው መካሪ አያጣም። ኮፈኑን ከፍቶ ከታየ አንዱ «ትልቅ ግጠምለት» ይላል፣ ሌላው ካቻቢቴውን ተቀብሎ ያገኘውን ብሎን ማዞር ይጀምራል። ደጋግሜ የሰማኋቸውን አባባሎች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ካርቡሬተር በተለቀ ቁጥር ጉልበት ይጨምራል»

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ እኔም ጭምር። ሞተር የሚስበው አየር በሲሊንደሮቹ መጠንና በዙሩ የተወሰነ ነው። ባለ አራት ምት ሞተር ሲሊንደሮቹን በሙሉ አንዴ ለመሙላት ሁለት ዙር ይፈጅበታል። ስለዚህ 4.2 ሊትር የሆነ ሞተር በደቂቃ 3,500 ዙር ሲሠራ 7,350 ሊትር አየር ይስባል እንበል። በተግባር ግን ሲሊንደር ጢም ብሎ አይሞላም። 80 በመቶ ብንይዝ 5,880 ሊትር ነው። ካርቡሬተር የሚሸጠው በሲኤፍኤም፣ ማለትም በደቂቃ በሚያሳልፈው የአየር ኪዩቢክ ጫማ ነው። አንድ ኪዩቢክ ጫማ 28.3 ሊትር ስለሆነ ይህ ሞተር የሚፈልገው 208 አካባቢ ነው። 600 የተጻፈበትን መግጠም ለሕፃን የአባቱን ጫማ ማጥለቅ ነው።

ጉዳቱ የሚታየው ድንጋይ ላይ ነው። ካርቡሬተር ነዳጅ የሚስበው በጉሮሮው የሚያልፈው አየር ሲፈጥንና ግፊቱ ሲወርድ ነው። ጉሮሮው ሲሰፋ አየሩ ይዘገያል፣ ነዳጁም በደንብ አይበተንም። በአንደኛ ማርሽ እየዳሃችሁ ነዳጅ ነካ ስታደርጉ መኪናው መጀመሪያ ይታነቃል፣ ከዚያ ድንገት ይዘላል። ድንጋይ ላይ መዝለል ደግሞ አክሰል ይሰብራል። እኔ ብመርጥ ስሌቱ ከሚለው ብዙ የማይርቅ፣ የመጀመሪያ ጉሮሮዎቹ ጠበብ ያሉ፣ ሁለተኛዎቹ ደግሞ በቫኪዩም (በአየር መሳብ) ቀስ ብለው የሚከፈቱ ካርቡሬተር እወስዳለሁ።

በነገራችን ላይ ቁጥሮቹን ዝም ብላችሁ አታወዳድሩ። ባለ ሁለት ጉሮሮ ካርቡሬተር በተለምዶ የሚለካው በ3 ኢንች የሜርኩሪ የግፊት ልዩነት ነው፣ ባለ አራቱ ግን በ1.5። ባለ ሁለቱ 350 ቢባል በባለ አራቱ መለኪያ 247 ገደማ ነው።

«ዳገት ላይ የሚጠፋው ጉልበት ስላነሰው ነው»

አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ያጋደለው ነዳጁ ነው። በካርቡሬተሩ የነዳጅ ቋት ውስጥ ተንሳፋፊ አለች። ነዳጁ ሲሞላ ትነሳና መርፌዋን ገፍታ መግቢያውን ትዘጋለች። መኪናው አፍንጫውን ሽቅብ ሲያነሳ ነዳጁ ወደ ኋላ ይሸሻል። እንደ ቋቱ አቀማመጥ ከሁለት አንዱ ይከሰታል፦ ወይ ነዳጁ ከፍ ብሎ ሳይፈለግ ወደ ጉሮሮው ይፈስሳል፣ ወይ ጄት የምትባለው የነዳጅ ቀዳዳ አየር ላይ ትቀራለች።

ሁለቱን መለየት ከባድ አይደለም። ጥቁር ጭስ አውጥቶ፣ ቤንዚን ቤንዚን ሸትቶ፣ ተንገዳግዶ ከጠፋ ነዳጅ በዝቶበት ታፍኗል። ሳይሸት፣ ሳል ሳል ብሎ ጸጥ ካለ ደግሞ ነዳጅ ጠምቶታል። ለታፈነው የተንሳፋፊዋን ከፍታ በመመሪያው ለኩ፤ ልክ ሆና ካገኛችኋት ትንሽ ዝቅ አድርጉና ሞክሩ። እንደ 1 ሚሊሜትር ያለ ነገር ነው የምላችሁ። አብዝታችሁ ካወረዳችኋት ታፍኖ የነበረው ሞተር በተራው ይጠማል። የቋቱን መተንፈሻ ቱቦም እዩ። አጭር ከሆነ ዳገት ላይ ነዳጁ በእሱ በኩል ወደ ጉሮሮው ይደፋል። በቱቦ ከፍ ማድረግ ብዙ ሰው ገላግሏል።

«የነዳጅ ፓምፑ በበረታ ቁጥር ይሻላል»

አይሻልም። አብዛኛው ካርቡሬተር የሚፈልገው ከ4 እስከ 6 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ነው። የኢንጀክሽን መኪና ፓምፕ ከ40 በላይ ሊገፋ ይችላል። መርፌዋ ያንን አትችለውም፣ ስለዚህ ተንሳፋፊዋን ብታስተካክሉ ባታስተካክሉ ይታፈናል። የግፊት መቀነሻ ግጠሙ።

«ሁሉም ነገር በሚኒሞ ብሎን ይስተካከላል»

ይህች የነዳጅና የአየር ድብልቅ ብሎን የምትቆጣጠረው ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚሠራበትን ዝቅተኛ ዙር፣ ማለትም ሚኒሞንና ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለውን ዙር ብቻ ነው። ጭነት ላይ የሚሄደውን ነዳጅ የሚወስኑት ጄቶቹ ናቸው። ብሎኗን ሞተሩ ሲሞቅና ቾኩ (ለቀዝቃዛ ሞተር አየር የሚያሳንሰው ክዳን) ሙሉ በሙሉ ሲከፈት አስተካክሉ። መጀመሪያ ሳትጨቁኑ እስክትነካ ዝጓት፣ ከዚያ አንድ ዙር ተኩል መልሱ። የቫኪዩም ጌጅ ካላችሁ መርፌው ከፍ ብሎ የሚረጋበትን ቦታ ፈልጉ። ስትዞር ምንም ለውጥ ከሌለ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ ብሎኗን ማሠቃየት ይብቃ።

«ነዳጅ ማሳነስ ቆጣቢ ነው»

ቤንዚን በትክክል የሚቃጠለው 1 ኪሎ ለ14.7 ኪሎ አየር ሲሆን ነው። ሙሉ ጭነት ላይ ደግሞ ሞተሩ ወፈር ያለ (ነዳጅ የበዛበት) ድብልቅ፣ ለ1 ኪሎ ቤንዚን ከ12.5 እስከ 13 ኪሎ አየር አካባቢ ይፈልጋል። ዳገት ላይ ካሳነሳችሁበት ይሞቃል፣ ያንኳኳል፣ ቫልቭ ያቃጥላል። የቆጠባችሁት ቤንዚን የቴስታታ ሥራ አይከፍልም።

«አንዴ ከተስተካከለ የትም ይሠራል»

ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ነዳጁ ግን ያው ነው፤ ስለዚህ ድብልቁ ይወፍራል። በልምድ በየ600 ሜትሩ አንድ ቁጥር ያነሰ ጄት ይገጠማል። አደገኛው መውረዱ ነው። ለተራራ ያሳነሳችሁትን ይዛችሁ ቆላ ከገባችሁ ነዳጅ ያጥረዋል።

«ከተንገዳገደ ካርቡሬተሩ ነው»

አንድ ጊዜ ሚኒሞ ላይ አልቆም ያለ መኪና ነበረኝ። ስረግጠው ይሠራል፣ ስለቀው ይጠፋል። ካርቡሬተሩን ሦስት ጊዜ ፈታሁት፣ ሦስት ጊዜ አጠብኩት፣ ጓርኒሲዮን ጨረስኩ። አንዳንድ ካርቡሬተር ላይ ቁልፍ ሲጠፋ የሚኒሞን ነዳጅ የሚቆርጥ ትንሽ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ መዝጊያ) አለ። ሽቦው ወልቆ ተንጠልጥሎ ነበር።

ስለዚህ አሁን ካቻቢቴ ከማንሳቴ በፊት ካንዴላዎቹን፣ ታይሚንጉን (ብልጭታው የሚመጣበትን ጊዜ)፣ የተሰነጠቀ የቫኪዩም ቱቦ መኖሩን አያለሁ። ቁልፉን ከፍቼም ጆሮዬን ወደ ካርቡሬተሩ ጠጋ አደርጋለሁ። ሶሌኖይዱ ሽቦው ሲገናኝ ጠቅ ይላል።