የክለብ ተጫዋቾች የቼዝ ውድድር በድሬዳዋ

የክለብ ደረጃ የቼዝ ግጥሚያ ሙያቸው ቼዝ ያልሆነ፣ ሕጉን ግን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች በሰዓትና በዳኛ ፊት የሚያደርጉት ጨዋታ ነው። ከጓደኛሞች ጨዋታ በብዙ ይለያል። ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር «አቦ አላየሁትም፣ ልመልሰው» ቢሉ ማንም አይቀየምም። ውድድር ላይ ግን የነኩትን መጫወት ግዴታ ነው። መጫወቻውን ማቃናት ብቻ የፈለገ፣ በራሱ ተራ፣ አስቀድሞ «ላስተካክል» ይላል።

በጥንቱ ሰንጠረዥ፣ ማለትም በአገራችን ባህላዊ ቼዝ፣ የመጀመሪያው መጫወቻ እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሱ ነበር። ይህ ወረራ ይባላል። በዛሬው ውድድር ሁሉም በተራ ነው፤ ተመልካችም አፉን ይዘጋል። ስልክ ይዞ የተገኘ ተጫዋች ጨዋታውን ሊያጣ ይችላል።

በሰፊው ከሚሠራባቸው የሰዓት አደላደሎች አንዱ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 90 ደቂቃ፣ በየእርምጃው ደግሞ 30 ሴኮንድ ጭማሪ ይሰጣል። 60 እርምጃ የሄደ ጨዋታ 4 ሰዓት ያህል ሊፈጅ ይችላል ማለት ነው። በድሬ ሙቀት ይህ ቀላል አይደለም። ውሃ ልጠጣ ብሎ በተራው የተነሳ ሰው ሰዓቱ እየቆጠረበት ነው። ስለዚህ እዚህ ከተማ ጨዋታው ጠዋት ቢጀመር ይሻላል፤ ከምሳ በኋላ ሙቀቱም አለ፣ በርጫውም ይጠራል።

በዚህ ደረጃ ብዙ ጨዋታ የሚያልቀው በአንድ ያልታየ አደጋ ነው። የጣሊያን የሚባለውን የጨዋታ አከፋፈት እንይ (ፊደሉ የሜዳውን ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፉን ያሳያል)። ጥቁር ኤፍ7 ላይ ያለውን ወታደር መጀመሪያ ላይ የሚጠብቀው ንጉሡ ብቻ ነው። ነጭ ቢሾፑን ሲ4፣ ፈረሱን ጂ5 ላይ አድርጎ እሱኑ ያነጣጥራል። ጥቁር ወታደሩን ዲ5 ላይ ገፍቶ የቢሾፑን መንገድ ይዘጋል፤ ነጭ በወታደር ይበላዋል። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ጥቁር ቸኩሎ በፈረስ መልሶ ከበላ፣ ነጭ ፈረሱን ኤፍ7 ላይ ይሠዋና ንጉሡን ወደ ሜዳው መሃል ይጎትተዋል። ልምድ ያለው ግን ሌላውን ፈረሱን ኤ5 ላይ አውጥቶ ቢሾፑን ያባርራል። ወታደሩን ለጊዜው ቢያጣም መጫወቻዎቹን ፈጥኖ ያወጣል።

ሁለቱም እያንዳንዱን እርምጃ በወረቀት ይመዘግባሉ። ተመሳሳይ አቋም፣ ተራው የዚያው ሰው ሆኖ፣ ሦስት ጊዜ ከተደገመ አቻ መጠየቅ ይቻላል፤ ማስረጃው ይኸው ወረቀት ነው። ሲያበቁ ተጨባብጠው ይፈርሙበታል። ያሸነፈ 1፣ አቻ የወጣ ግማሽ ነጥብ ያገኛል።